የአባቴ ካሌንደርና ሁለቱ ኮምፓይለሮች

አባቴ ወደ አገሩ ላለመግባት የቀረው አንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ እሱም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነበር።

ድሮ ምክንያት ሞልቶት ነበር። እኔ ሳልወለድ ድንበር ያሻገረው መንግሥት ነበር። ያ ሲወድቅ ደግሞ ያላመነው ሌላ መንግሥት መጣ። ቀጥሎ የእኛ ትምህርት፣ ቀጥሎ የእናቴ ሕመም። እናቴ ካረፈችና እኛም አድገን ከጨረስን በኋላ ግን በዚያ በኩል «ያለፈው አልፏል፣ ሁላችሁም ግቡ» ተባለ። የአባቴ የስደት ጓደኞች ካርቱም ውስጥ ያፈሩትን ወንበርና ማራገቢያ ለጎረቤት እያደሉ አንድ በአንድ ገቡ። አባቴ ግን ወይ ፍንክች።

«እኔ ከሄድኩ ካሌንደሩን ማን ሊሠራው ነው?» ይላል።

ካሌንደሩ ማለት በየዓመቱ ከእንቁጣጣሽ በፊት ለካርቱም ሐበሻ የሚያወጣው የግድግዳ ካሌንደር ነው። በአንዱ ገጽ ላይ የእኛ ቀን፣ የፈረንጁ ቀንና የሂጅራው ቀን ተደርድረው ይወጣሉ፤ አጽዋማቱና በዓላቱም እንዲሁ። ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በየቪላው የሚሠሩ እህቶቻችን ማድ ቤት ሰቅለውት ለእመቤቶቻቸው «ይኸው፣ ዛሬ ጾም ነው፤ እኔ አልፈለሰፍኩትም» እያሉ በጣት የሚያሳዩበት እሱ ነበር። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ ሻይ ቤቱም ፀጉር ቤቱም ያለሱ ባዶ ይመስላል። አባቴ በአገሩ የስታትስቲክስ ሰው ነበር። ካርቱም መጥቶ የጥጥ መጋዘን ጸሐፊ ሲሆን ቁጥር ናፈቀውና ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምር መጽሐፍ ገዛ። ከዚያ መጽሐፍ የወጣው ፕሮግራም ነው አበቅቴና መጥቅዕ እያሰላ የሁላችንንም ዓመት የሚያደራጀው።

አንድ ነገር ብቻ ነበረው፦ የሚሠራው በአባቴ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ለምን ሲባል አያብራራም፤ «የኔን እጅ ለምዷል» ይላል በኩራት።

ወንድሜ ሐጅ ዩሱፍ የረክሻ መለዋወጫ ይሸጣል። የሱዳን አብዮት ከተጀመረ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወራው፦ አባዬ ከዚህ ይውጣ። መንገዱ በጎማ ጭስ ታፍኗል፣ ዳቦ ለመግዛት ግማሽ ቀን መሰለፍ አለ፣ ሽማግሌ ሰው ምን አግኝቶ ይቀመጣል? ይባስ ብሎ ማስረጃ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። አባዬ ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረ። አባዬ እኔን በአጎቴ ስም ጠራኝ። አባዬ እየረሳ ነው። እየረሳ ያለ ሰው ካሌንደር አይሠራም፤ ካሌንደር የማይሠራ ሰው ደግሞ ካርቱም ምን ይሠራል?

እኔ ደግሞ እንዳይሄድ ነበር የምፈልገው። ላሽሞነሙነው አልችልም፦ ለእሱ አስቤ አልነበረም፣ ለራሴ ነው። አል-ሳሃፋ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከእሱ ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር ካልተነታረክሁ ቀኑ የተጀመረ አይመስለኝም። ስለዚህ ወንድሜ ደውሎ «አሳምኚው እንጂ» ሲለኝ «ካሌንደሩስ?» እለዋለሁ። ከአባቴ የተማርኩት መልስ ነው።

ኮምፒውተሩ የሞተው በሰኔ ነው። ወጣቶቹ ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡበት ኢዕቲሳም በጥይት ከተበተነ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከተማው ሁሉ ለቅሶ ቤት ነበር። በየሰፈሩ መንገዱ በጡብ ታጥሯል፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ መብራት ደስ ሲለው ይመጣል ሳይለው ይሄዳል። አንድ ቀን ታዲያ የሄደው መብራት በንዴት ተመለሰ። የአባቴ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ከፍቼ ሳየው የሚተርፍ ነገር አልነበረም። አባቴ ሬሳ ራስጌ እንደሚቆም ሰው ቆሞ፣

«ዲስኩስ?» አለኝ።

«ዲስኩም።»

ኮዱ ግን ተርፎ ነበር። አባቴ ኮዱ ያለበትን ፍላሽ የሚያስረው ከማተቡ ጋር ነው፤ በአንገቱ ላይ መስቀሉ በአንድ በኩል፣ ፍላሹ በሌላ በኩል ይንጠለጠላል። አንድ ጊዜ ቄሱ አይተውት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሉት «ባሕረ ሐሳብ ነው አባቴ» ብሏቸው አልፏል። ውሸትም አልነበረም።

ችግሩ ኮድ ብቻውን አይሠራም። ሰው የጻፈውን ተቀብሎ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። የአባቴ ኮምፓይለር ከዲስኩ ጋር ተቃጥሏል። ነፃ ነው፣ ከኢንተርኔት በደቂቃዎች ይወርዳል፤ ግን የቱ ኢንተርኔት? በጊዜው ካርቱም ውስጥ ፋይል የሚዘዋወረው በሰው ኪስ ነበር፤ የምናውቃቸው የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ ግማሾቹ ተደብቀዋል፣ ግማሾቹ ስልካቸውን አጥፍተዋል። የቤተ ክርስቲያኑ የካሌንደር ኮሚቴ ደግሞ ቀጠሮ ቆርጧል፦ ከፍልሰታ በፊት ማተሚያ ቤት ካልገባ የዘንድሮውን ከአዲስ አበባ እናስመጣለን። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ያዳነችን የጎረቤታችን ልጅ ናት። የምህንድስና ተማሪ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወራት ሆኖት ቤት ውላ ግድግዳ ታያለች። አንድ የክፍል ጓደኛዋ ከኢዕቲሳሙ አልተመለሰም። ስለ እሱ አታወራም፤ ሥራ ግን እንደ ውሃ ይጠማታል። ስለ ኮዱ ስነግራት ሮጣ ሄዳ ከዩኒቨርሲቲ የተሰጣትን ሲዲ ይዛ መጣች። ውስጡ ኮምፓይለር አለ። የአባቴ ዓይነት አይደለም፣ ሌላ ነው።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ዓሚ» አለችው አባቴን በዐረብኛ፤ ችግር የለም አጎቴ ማለቷ ነው። «ሲ ሲ ነው። አንዱ የሚቀበለውን ሌላው ለምን እምቢ ይላል?»

ላፕቶፔ ላይ ጫንነው። ኮዱን ሰጠነው። ገጹ በስህተት ዝርዝር ተሞልቶ ወደ ታች ይወርድ ጀመር፤ ወረደ፣ ወረደ፣ አላቆም አለ።

«ምን ይላል?» አለ አባቴ መነጽሩን እየፈለገ።

«አልቀበልም ይላል።»

«የቱን?»

«የቱን አልቀበል እንዳለ ከምነግርህ የቱን እንደተቀበለ ብነግርህ ይቀለኛል።»

አባቴ ተሰደበ። ቃሉ ይኸው ነው፤ ፊቱ ላይ ያየሁት በአደባባይ የተሰደበ ሰው ፊት ነው። ያን ቀን ለሁለቱ ኮምፓይለሮች ስም አወጣሁላቸው፦ የተቃጠለው ቻዩ፣ አዲሱ ነዝናዛው። እውነቱን ለመናገር እኛ ካርቱም ለኖርን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አልነበረም። አንዱ የቢሮ መስኮት «ተፈደል»፣ እንካ ብሎ ማህተም የሚመታበትን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማውን፣ ሌላው መስኮት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ኖሯል። ወረቀቱ ያው ነው፤ የሚለያየው የተቀማጩ ሰው ጠባይ ነው። አባቴ በዚህ ዓይነት መስኮት ፊት ዕድሜውን ቆሟል፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቱ ውስጥ መስኮት ተከፈተበት።

ቢሆንም ሥራ ጀመርን፤ ግን በአባቴ ሕግ። ሕጉም እሱ ሳይፈቅድ አንዲት መስመር አትነካም የሚል ነው። እኔ ነዝናዛው ያለውን አነባለሁ፣ ተማሪዋ የሲን ሕግ ትጠቅሳለች፣ አባቴ እንደ ጠበቃ ተነሥቶ ይከራከራል። መብራት ባለ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ይህ ችሎት ይሰየማል።

አንዱ ክስ ፈንክሽን በሚባል፣ የራሱ ሥራ ባለው የኮድ ቁራጭ ውስጥ ሌላ ፈንክሽን መጻፉ ነበር። ቻዩ ይህን በቸርነቱ ይፈቅድ ነበር፤ የሲ ሕግ ግን አይፈቅድም።

«ልጅ በአባቱ ቤት ውስጥ ቢኖር ነውሩ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ይውጣ ነው የሚለው።»

«ወዴት?»

«ደጅ። ለብቻው። በራሱ ስም ይቁም ይላል።»

አባቴ ትንሽ አየኝና «ይሄ ኮምፓይለር ወንድምሽን ያውቀዋል?» አለኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ ግን ትንሹን ፈንክሽን አውጥቼ ከላይ ለብቻው ሳቆመው እያንዳንዷን ፊደል ተከታትሎ አየ፤ ልጅ አውቶቡስ ላይ እንደሚያሳፍር ሰው።

ሌላው ክስ ሦስት ነጥብ ነው። አባቴ ከአንድ እስከ ሠላሳ ማለት ሲፈልግ አንድ ብሎ፣ ሦስት ነጥብ አድርጎ፣ ሠላሳ ይላል። ቻዩ ይገባዋል። ነዝናዛው አይገባውም።

«‹እስከ› ማለት አይገባውም?» አባቴ ቆሽቱ አረረ። «የሁለት ዓመት ሕፃን የሚገባውን!»

«ወላሂ ያ ዓሚ» አለች ተማሪዋ «ይሄን መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ቻይህ ከራሱ የጨመረው ነው።»

«ደግ አደረገ!»

እንዲህ እያልን አንድ በአንድ አነሣናቸው። አንድ ስህተት በጠፋ ቁጥር ተማሪዋ ጠረጴዛውን እየደበደበች «ተስጉጥ በስ!» ትላለች፤ ወጣቱ ሁሉ የድሮውን መንግሥት ለማውረድ በየመንገዱ ይጮኽ የነበረው ነው፣ ትውደቅ ብቻ እንደ ማለት። መጀመሪያ ላይ አባቴ «ቀስ በይ ልጄ፣ ጎረቤት ሌላ ነገር ይመስለዋል» ይላት ነበር። ኋላ ግን እሱም ጀመረው። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ዐረብኛው፣ አንድ የጠፋች ቅንፍ በተገኘች ቁጥር ጣቱን ወደ ጣራ ቀስሮ «ተስጉጥ በስ!» ይላል። በሕይወቱ የሠራው በጣም ሰላማዊ አብዮት ይመስለኛል።

በመጨረሻ አንዲት ስህተት ቀረች። የወራቱን ቀናት የያዘው ሰንጠረዥ ላይ ናት። አባቴ አሥራ ሁለት ቦታ አለው ብሎ አውጆ ውስጡ አሥራ ሦስት ቁጥር ጨምሯል፦ አሥራ ሁለት ጊዜ ሠላሳ፣ ከዚያ አምስት። ነዝናዛው «በዛብኝ» ብሎ እግሩን ተክሏል።

ተማሪዋ አልገባትም። «አሥራ ሁለት ወር ነው እንጂ። ይቺ አምስት ምንድን ናት?»

«ወር ናት» አልኳት። «አሥራ ሦስተኛ ወር አለን። የአምስት ቀን።»

ወደ እኔ ዞረች። «እና ደመወዝ?»

«የለም።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አገራችሁን የሠራው አሠሪ ነው።»

አባቴ በዚያች ሰዓት ለሰላት የሚሄድ ጎረቤት ሰላም ሊል ከግቢ ወጥቶ ነበር። እኔም ቀላል ነገር ናት ብዬ ሕጉን ጣስኩ፤ አሥራ ሁለቱን አጥፍቼ አሥራ ሦስት አደረግኩና ኮዱን ሰጠሁት። ነዝናዛው ዝም አለ። ያ ነዝናዛ፣ ያ ምላሰ ረዥም፣ ምንም የሚናገረው አጣ። ተማሪዋ እልል አለች። አባቴ ከውጭ «ተቀበለው?» አለ።

«ተቀበለው!»

ከሱቄ ማተሚያ ላይ ረቂቁን አተምኩና በማግሥቱ ለአባቴ ሰጠሁት። ያን ቀን ወንድሜም መጥቶ ነበር። ረክሻው ጡብ በታጠረበት መንገድ ሁሉ እየዞረ፣ ወጣቶቹን «ያ ሸባብ፣ አባቴ ታሞ ነው» እያለ እየለመነ ነው የደረሰው። አባቴን በደህና ቁመና ሲያገኘው ትንሽ የተናደደ መሰለኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው። አባቴ መነጽሩን አደረገና ሽፋኑን አየ። ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ የሚያልፈውን ዓመት ጳጉሜን ያወጣል፤ አሮጌው ዓመት ሳይሸኝ አዲሱ አይገባም ባይ ነው። አየው፣ አየው፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ስድስተኛዋ የት ሄደች?»

«የቷ?» አልኩ።

«ዘመኑ ሉቃስ ነው። ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት ናት። ይሄ አምስት ላይ ቆሟል። ይኸው እንቁጣጣሽንም ረቡዕ አድርጓታል። ሐሙስ ናት።»

ወንድሜ ይህን ጊዜ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ብርጭቆውን አስቀመጠና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገረው «አባዬ» አለ። «ማሽኑ አምስት ካለ አምስት ነው። ማሽን አይረሳም። አንተ ደክሞሃል፤ ነውር የለውም። ያላ፣ በል አሁን እንነጋገር።»

እኔስ? እኔ ለአንድ አፍታ ማሽኑን አመንኩ። ነዝናዛው ያን ሁሉ ስህተት ያገኘ፣ ያን ሁሉ ሕግ የሚያውቅ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሻይ ውስጥ ጨው የሚጨምር ሰው ነው። ለወንድሜ ባልነግረውም ፈራሁ። በሆዴ ‹በቃ፣ ሄደብኝ› አልኩ።

አባቴ እኔንም እሱንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣

«ልጄን የት አደረሳችኋት?» አለ።

የተወለድኩት ጳጉሜን ስድስት ነው። ልደቴ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ተማሪዎች ሳለን በዚህ ስንት ተሹፎብኛል። አባቴ ግን በዚያች ቀን አዲስ ልብስ ያለብሰኝ፣ በቀሩት ዓመታት ደግሞ «ዘንድሮ የለሽም፣ ሥራ ሥሪ» ይለኝ ነበር። ረቂቁን ሳትም ሽፋኑን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። እኔ የራሴን ቀን መጥፋት ሳላይ እሱ አየ። ወንድሜም ረቂቁን ስቦ አየ፤ የእኔን ልደት እሱም ያውቀዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ የቀናበት ልደት ነበር።

ላፕቶፑን ሳብኩ። ዓመቱን ለአራት አካፈልኩት፣ ሦስት ቀረ። ሉቃስ። አባቴ ልክ ነው። እንግዲያው ማሽኑ ምን ነካው? ኮዱን ከላይ ጀምሬ ሳነብ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝና መሳቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ አላመኑኝም፣ አበደች አሉ።

ኮምፒውተር ቁጥሮችን የሚያስቀምጠው በተርታ ነው፤ እንደ ተያያዙ ክፍሎች። አባቴ ለወራቱ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ሠርቶ አሥራ ሦስት እንግዳ ጠራ። ቻዩ ኮምፓይለር ምን አደረገ? አሥራ ሦስተኛውን እንግዳ፣ ያችን አምስት፣ ከበር መልሶ ጣላት፤ ቤቱ አሥራ ሁለት ነው ብለሃል ብሎ። ከዚያ ፕሮግራሙ የጳጉሜንን ቀናት ሲፈልግ ሄዶ የሌለውን አሥራ ሦስተኛ በር ያንኳኳል። በሩን የሚከፍተው ታዲያ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ማን ሆኖ ተገኘ? አባቴ ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ያስቀመጠው «ጳጉሜን» የሚባል ሌላ ቁጥር፤ ዓመቱን አይቶ አምስት ወይም ስድስት የሚሞላበት። በዕድል፣ ፍጹም በዕድል፣ ትክክለኛው መልስ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የካርቱም ሐበሻ እንቁጣጣሽን ያከበረው በጎረቤት ቸርነት ነበር። እኔ አሥራ ሦስተኛውን ክፍል ስሠራ አምስቷ ገብታ ተቀመጠችበት፤ ጎረቤቱንም የሚያንኳኳው ጠፋ።

አባቴ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ።

«አሥራ ሁለት የሚለውን ከፈረንጁ ሰንጠረዥ ላይ ገልብጬው ነው» አለ። «ቁጥሮቹን ለወጥኩ፣ ራስጌውን ረሳሁት።»

«ቻዩ እኮ ሁልጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጥህ ነበር» አልኩት። «አስታወስኩት። በቢጫ አንዲት መስመር ትወጣ ነበር።»

«ይሰጥ ነበር። እኔ ማስጠንቀቂያ የምሰማ ሰው ብሆን ኖሮ ካርቱም ምን አመጣኝ?»

ወንድሜ እንኳ ሳቀ። አባቴ ያን ጊዜ «ጨዉን ተወው፣ ሻይህን ጠጣ» አለው። ወንድሜ ጠጣ። ያን ዕለት ስለ መሄድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።

ኮዱን በትክክል አስተካከልኩት፤ ዓመቱ ሲታወቅ የጳጉሜን ቁጥር በገዛ ክፍሏ እንድትገባ። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ሆነች፣ ጳጉሜን ስድስት ተመለሰች፣ ካሌንደሩ ከፍልሰታ በፊት ማተሚያ ቤት ገባ። እኔ እንደ ጀግና ነበር የምራመደው። አባቴን ካርቱም አስቀረሁት፣ ወንድሜን አፉን አስዘጋሁት፣ ነዝናዛውን አስቀበልኩት፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረኝ?

አባቴ ግን ያን ሰሞን አንድ ነገር ጀመረ። ፍላሹን አንጠልጥሎ በየሄደበት ኮዱን ይሞክራል። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አስሞከረ። በተማሪዋ ላፕቶፕ ላይ አስሞከረ። ኢንተርኔት ሲመለስ ቻዩንም እንዳወርድ አዘዘኝ፣ በዚያም ሞከርነው። ሁልጊዜ ራቅ ብሎ ቆሞ «ተቀበለው?» ይላል። ሁልጊዜ ይቀበለዋል። እኔ ደስታው መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን በተቀበለው ቁጥር አባቴ ዝም እያለ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣ፤ የማራገቢያው ስር ተቀመጠ።

«እንግዲህ የትም ይሠራል ማለት ነው» አለ።

«የትም፣ አባዬ» አልኩት በኩራት። ምን ዓይነት ሞኝ እንደሆንኩ እዩልኝ። «ማንኛውም ማሽን ላይ። ማንም ሰው።»

«አንቺም ታወጪዋለሽ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

ራሱን ነቀነቀ። መንገዱን አየ። የተከመረው ጡብ ተነሥቶ መኪና ማለፍ ጀምሮ ነበር። «የኔን እጅ ይፈልጋል እል ነበር» አለ። «ለካ የፈለገው ያችን የተቃጠለች ሣጥን ነው። አሁን እሷንም አይፈልግም።» ከዚያ በጣም ተራ በሆነ ድምፅ «ለወንድምሽ ደውዪለት፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ በይው» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንድሜ ዓመት ሙሉ ለምኖ ያላገኘውን እኔ በገዛ እጄ፣ መስመር በመስመር፣ «ተስጉጥ በስ» እያልኩ ሠርቼ ሰጠሁት። የአባቴን አንድ ቀሪ ምክንያት አስተካከልኩለት። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ስለነበረ አላለቀስኩም። የደንበኛውን ስልክ ስገጥም ግን ብሎኑን የት እንዳስገባሁት አላውቅም።

ጳጉሜን ስድስትን ዶሮ ተሠራልኝ። እንቁጣጣሽን ሐሙስ አከበርን። ካርቱም ውስጥ አዲስ መንግሥት ተሰይሞ ሰው ሁሉ ወደ ፊት የሚያይበት ሰሞን ነበር፤ ተማሪዋም ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ነው ብላ ደብተር ገዝታለች። አባቴ የሚሄድበት ጠዋት ወንድሜ የአባቴን ሻንጣ ይዞ በር ላይ ቆመ። አባቴ ደግሞ ጫማውን እያሰረ «እስኪ ለመጨረሻ ጊዜ አንቺ ጋ ይሠራ እንደሆነ እይልኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ» አለኝ ከግቢው።

ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ጣቴ አንዲት ሴሚኮለን ላይ አረፈ፤ መስመር የምትዘጋ፣ ከጤፍ የማትበልጥ ነገር። እሷ ከጠፋች ቻዩም ነዝናዛውም በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ኮምፓይለር አይቀበለውም። አጠፋኋት። ኮዱን ሰጠሁት። ነዝናዛው ወዲያው ጮኸ፤ በሕይወቴ በኮምፓይለር ጩኸት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ተቀበለው?» አለ አባቴ ከውጭ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ያን ሰሞን ሁሉ በየማሽኑ ፊት ሲጠይቅ የነበረበት ድምፅ አልነበረም። ቀጭን ነበር፤ እምቢ እንዲለው የሚለምን ድምፅ ነበር። ሻንጣው በር ላይ፣ ወንድሜ ረክሻውን አስነሥቶ፣ እሱ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ ገብቶ። አንድ ቃል ብናገር ይቀመጥ ነበር። እሱም ያንን ቃል እየጠበቀ ነበር። ቢቀመጥ ደግሞ በእኔ ውሸት እንደሚቀመጥ፣ ዕድሜውን በሙሉ በሰው መስኮት ፊት እንደቆመው በእኔ መስኮት ፊት እንደሚቀር አወቅሁ።

«ተቀበለው፣ አባዬ» አልኩት።

ሴሚኮለኗን የመለስኳት ከዚያ በኋላ ነው።